ኦፔሮን
“የጂኖች ስብስብ” ብለን ብንተረጉመው ዋናው ነገር፣ ማብሪያ ማጥፊያው፣ ይቀራል፤ ስለዚህ ቃሉ እንዳለ ይሁን ባይ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ1960 ያወጡት ፈረንሳውያኑ ዣኮብ፣ ሞኖና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ጎን ለጎን ተሰልፈው በአንድ ማብሪያ የሚታዘዙ ጂኖች ማለት ነው።

አንጀታችን ውስጥ የሚኖረውን ኢ. ኮላይ የተባለ ባክቴሪያ እንይ። የወተት ስኳር፣ ማለትም ላክቶስ፣ በሌለበት አንድ ፕሮቲን ዲኤንኤው ላይ ተጣብቆ መንገድ ይዘጋል። ላክቶስ ሲገባ ከእሱ የሚገኝ ሞለኪውል ፕሮቲኑን ያላቅቀዋል፤ የላክቶስ ኦፔሮኑ ሦስት ጂኖች በአንድ ረጅም አርኤንኤ ላይ አብረው ይገለበጣሉ። ግሉኮስ ካለ ግን ሥራው ይቀዘቅዛል (የሚጣፍጠው እያለ ማን ይደክማል!)።

በእኛ ሴል ግን አብዛኞቹ ጂኖች የየራሳቸው ማብሪያ አላቸው። አርኤንኤውም ከኒውክለስ የሚወጣው ኢንትሮን የሚባሉት ክፍሎች ተቆርጠው ወጥተው የቀረው ከተገጣጠመ በኋላ ነው።