የንግድ ማኅበር ዜግነትና የፍርድ ቤት ሥልጣን፤ ከዩብዶ እስከ ነቀምቴ ችሎት

ሰው ሲከሰስ አገሩ የት እንደ ሆነ ቢጠየቅ መልሱ ብዙ አያስቸግርም። የንግድ ማኅበር ግን አልተወለደም፤ ወገንና ዘመድም የለውም። ስለዚህ ማኅበር የየት አገር ሰው ነው ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ሕግ ራሱ ነው፤ ማኅበሩን የሚዳኘው ችሎትም የሚለየው በዚሁ መልስ ነው። ይህ ጥያቄ በወለጋ ምን መልክ እንደ ነበረው እንመርምር።

ጥያቄው በጉልህ የታየው በማዕድን ሥራ ነው። በቢርቢር ወንዝ አካባቢ፣ በዩብዶ፣ ጣልያናዊው አልቤርቶ ፕራሶ የፕላቲን ማዕድን እንዲያወጣ ተፈቅዶለት ነበር። ሥራውን የያዘው ማኅበር ስሙ ፈረንሳይኛ ነበረ፤ «ሶሲየቴ ሚኒዬር ዴ ኮንሴሲዮን ፕራሶ አን አቢሲኒ» ይባል ነበር። መሥራቹ ጣልያናዊ፣ ስሙ ፈረንሳይኛ፣ ምድሩ ወለጋ። ይህ እንዲያው የስም ነገር እንዳይመስለን። በጥር 1900 ዓ.ም. በተፈረመው የክሎቡኮውስኪ ውል መሠረት፣ በኢትዮጵያዊና በፈረንሳዊ መካከል የተነሣ ክርክር የሚታየው ቆንስሉ ባለበት በኢትዮጵያዊ ዳኛ ነበር። ተከሳሹ ኢትዮጵያዊ ከሆነ በኢትዮጵያ ሕግ፣ ፈረንሳዊ ከሆነ ደግሞ በፈረንሳይ ሕግ ይፈረድ ነበር። ሌሎች መንግሥታትም ለዜጎቻቸው ይህንኑ መብት ጠየቁ። እንዲህ ያለውን ጉዳይ የሚመለከተው ልዩ ፍርድ ቤት መቀመጫው አዲስ አበባ ስለ ነበረ፣ የወለጋ ባላገር ከውጭ አገር ማኅበር ጋር ቢጣላ ዳኛውም ሕጉም መንገዱም የሚወሰኑት በባላጋራው ዜግነት ነበር።

ከነጻነት በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም. ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ተደራጁ። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ለማኅበር ከአባላቱ የተለየ የሕግ ሰውነት ሰጠው፤ የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም ማኅበር ዋናው መሥሪያ ቤቱ ወይም የሚከሰሰው ቅርንጫፍ ባለበት ቦታ እንዲከሰስ ደነገገ። መንግሥቱ አሐዳዊ ስለ ነበረ ክርክሩ ስለ ቦታ እንጂ ስለ ሁለት ዓይነት ፍርድ ቤት አልነበረም።

ፌዴራላዊው ሥርዓት ከተተከለ በኋላ ነገሩ እንደ ገና ተነሣ። የ1988 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 25 በአንቀጽ 5 በተለያዩ ክልሎች በቋሚነት በሚኖሩ ሰዎች መካከል የሚነሣውን ክርክር ለፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሰጠ። በፌዴራል መንግሥት አካል የተመዘገቡ ወይም የተቋቋሙ የንግድ ማኅበሮችን ጉዳይ ግን ለብቻው በሌላ ንዑስ አንቀጽ አስቀመጠው። ይህንኑ ጥያቄ የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ብዙ ዘመን ተከራክረውበታል። እ.ኤ.አ. በ1809 የአባላቱን ዜግነት ተመለከቱ፤ በ1844 ማኅበሩን የተቋቋመበት ግዛት ዜጋ አድርገው ቈጠሩት፤ በ1958 ሕግ አውጪው ዋናውን የሥራ ቦታ ጨመረበት፤ በ2010 ደግሞ ይህ ቦታ ሹማምንቱ ሥራውን የሚመሩበት ማዕከል ነው ተባለ። የእኛ አዋጅ መዝገቡን ብቻ ያዘ። ይህ ለዳኛ ቀላል ነው፤ ነገር ግን አባላቱ ሁሉ የነቀምቴ ሰዎች የሆኑ፣ ሥራውም ከነቀምቴ የማይወጣ ማኅበር አዲስ አበባ በፌዴራል መሥሪያ ቤት በመመዝገቡ ብቻ ፌዴራል ይሆናል። እኔ ይህን ሚዛናዊ አልለውም።

ችግሩም በተግባር ይታያል። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 80 መሠረት የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን፣ የክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤትን ሥልጣን በውክልና ይዘዋል። እንግዲህ የጊዳ አያና ቡና ነጋዴ በፌዴራል የተመዘገበ ገዢ ገንዘቡን ቢያስቀርበት፣ ገንዘቡ ጥቂት ቢሆንም እንኳ ወረዳው ፍርድ ቤት አይዳኘውም፤ ወደ ነቀምቴ መውረድ አለበት። በአዋጅ ቁጥር 25 ዘመን ገንዘቡ ከ500,000 ብር ካለፈ ጉዳዩ የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ይግባኙም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነበረ።

በ1995 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 322 የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በአምስት ክልሎች እንዲቋቋም ሲወሰን፣ የወለጋ ጎረቤቶች ቤኒሻንጉል ጉሙዝና ጋምቤላ ከአምስቱ ውስጥ ነበሩ። ኦሮሚያ ግን በውክልናው ቀጠለ፤ የነቀምቴ ዳኛም በአንዱ መዝገብ የክልል፣ በሚቀጥለው የፌዴራል ዳኛ ሆኖ ያስችል ነበር።