የማያነበውን ፊደል የሚቀርጸው ሰው

እስቲ ጠጋ በሉ፤ የአንድ እንጨት ቀራጭ ነገር ልንገራችሁ። ሰውየው ቲም ብሩክስ ይባላል። ትውልዱ እንግሊዝ፣ ኑሮው ቬርሞንት ነው፤ ሜፕል በሚሉት ዛፍ በታወቀችው የአሜሪካ ግዛት። እንጀራው መጻፍና ማስተማር ነበር።

ታዲያ ለገና ስጦታ ብሎ የቤተሰቡን ስም በጣውላ ላይ ይቀርጽ ጀመር። እጁ ሲፍታታ ዓይኑ ወደ ሌሎች ሕዝቦች ጽሕፈት ሄደ። የዓለምን ፊደላት የሰበሰበውን ኦምኒግሎት የተባለ ድረ ገጽ ሲያገላብጥ አንድ ነገር ልቡን ነካው፦ ስንቱ ፊደል በትምህርት ቤት አይሰጥም፣ በመንግሥት ደብዳቤ አይጻፍም፣ የሚያነቡትም ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 ለእነዚህ ለመጥፋት ለተቃረቡ ፊደላት የቆመ ፕሮጀክት መሠረተ።

ምን ይቅረጽ? እ.ኤ.አ. የ1948ቱን ዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ አንቀጽ 1 መረጠ። ሰው ሁሉ በክብር እኩል ሆኖ ይወለዳል የሚለውን ቃል፣ ቦታ በተነፈገው ፊደል! የቼሮኪው፣ የባሊው፣ የማንቹው፣ የኢኑክቲቱቱ ጽሕፈት በሜፕል ጣውላ ላይ ወጣ።

አሁን ደግሞ ሥራውን ልብ በሉ። አንድ ሰው መጥቶ «የአያቴን ቃል በአያቴ ፊደል ቅረጽልኝ» ቢል፣ መሮው ከመነሳቱ በፊት ፊደሉን አንብቦ የሚያርም ሰው ይፈለጋል። ምክንያቱን እኛ እናውቀዋለን፤ «ለ» ላይ አንዲት ጭረት ሲጨመርባት «ሉ» ትሆናለች። በወረቀት ላይ የተሳሳተ ይሰረዛል፤ በእንጨት ላይ ግን መሮ ያነሳውን ማን ይመልሳል? ስለዚህ ጽሑፉ ይታረማል፣ በጣውላው ላይ ይነደፋል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይፈለፈላል፣ ቀለም ይገባለታል፣ በመጨረሻም ይወለወላል። ቀራጩ ቋንቋውን ባያውቅ እንኳ የእያንዳንዱን ፊደል አካሄድ በእጁ ይማራል፤ የቱ በብሩሽ፣ የቱ በዘንባባ ቅጠል ላይ በስለት እንደተወለደ ይገባዋል። የማያውቁትን ሕዝብ ለማክበር ከዚህ የሚበልጥ ትዕግሥት አላየሁም።

ነገሩ ግን በጣውላ አላበቃም። በባንግላዲሽ የቺታጎንግ ተራሮች ማርማ፣ ምሮና ቻክማ የሚባሉ ሕዝቦች ይኖራሉ። የምሮ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከራሱ ከሕዝቡ መካከል በወጣ ሰው፣ በመንሌ ሙራንግ የተቀረጸ ነው። የእነዚህ ሕዝቦች ልጆች ትምህርት ቤት ሲገቡ የሚጠብቃቸው የቤንጋሊ ቋንቋና ፊደል ነው። ብሩክስ ከአካባቢው ሰዎች ጋር ሆኖ ልጆቹ በገዛ ፊደላቸው የሚያነቧቸው መጻሕፍት እንዲዘጋጁ ተነሳ። ቅርጹ የሰውን ዓይን ይስባል፤ ፊደሉን የሚያቆየው ግን አንባቢው ነው። ሞንጎሊያንም እዩ፦ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ወደ ሲሪሊክ ከዞረች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ ከላይ ወደ ታች የሚወርደው ጥንታዊ ጽሕፈቷ በመንግሥት ሰነድ ላይ ከሲሪሊኩ ጎን እንዲቆም በሕግ ወስናለች።

እናንተም በዋሽንግተንም ሆነ በሪያድ የምትኖሩ፣ የልጃችሁን ስም በፊደላችን በእንጨት ማስቀረጽ ብታስቡ፣ እሰየው፤ አስቀርጹ! ጥሩ እንጨት ምረጡ፣ ጽሑፉን ለሚያውቅ ሰው አሳዩ፣ ለባለሙያው ድካም የሚገባውን ክፈሉ። ግድግዳው ላይ ከሰቀላችሁት በኋላ ደግሞ ልጁን ከፊቱ አስቀምጡና ሀ፣ ሁ፣ ሂ በሉት። ስሙን ራሱ አንብቦ ራሱ እስኪጽፈው ድረስ ሥራው አላለቀም።