ራይ ውስኪ፦ የጠርሙሱ ስምና መጠጡ የተነጠረበት ስፍራ

ራይ ከስንዴና ከገብስ ጋር የሚዛመድ፣ ብርድንና ለምነቱ ያነሰ አፈርን የሚቋቋም የእህል ዓይነት ነው። በአሜሪካ ከዚህ እህል የሚሠራው ውስኪ ራይ ውስኪ ይባላል። በሀገሪቱ ደንብ መሠረት መጠጡ ይህን ስም ለመያዝ ድፍድፉ ከተዘጋጀበት እህል ቢያንስ 51 በመቶው ራይ መኾን አለበት። የሚቀመጠውም ውስጡ በእሳት በተለበለበ አዲስ የኦክ እንጨት በርሜል ውስጥ ነው። ስለ እህሉና ስለ በርሜሉ ደንቡ ይህን ያህል ጥብቅ ኾኖ ሳለ፣ ገዢው በቅድሚያ ለሚጠይቀው «ይህን መጠጥ ማን አነጠረው? የትስ ነው የነጠረው?» ለሚለው ጥያቄ ግን ጠርሙሱ ሁልጊዜ ግልጽ መልስ አይሰጥም።

ነገሩን ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የራይ ውስኪ ጥንታዊ ስፍራዎች ፔንሲልቬኒያና ሜሪላንድ ናቸው። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን ሳይቀሩ በ1797 በቨርጂኒያ በሚገኘው እርሻቸው ላይ በአብዛኛው ከራይ ውስኪ የሚያነጥር ድርጅት አቋቁመው ነበር። ከ1920 እስከ 1933 የጸናው የመጠጥ ክልከላ ብዙዎቹን ፋብሪካዎች አዘጋ። ክልከላው ከተነሣም በኋላ ጠጪው ወደ ሌሎች መጠጦች አዘነበለ፤ ራይም ለዐሥርተ ዓመታት በጥቂት ፋብሪካዎች ብቻ የሚመረት መጠጥ ኾኖ ቆየ። ከ2000 በኋላ ፈላጊው በድንገት ሲበዛ ገበያው በበርሜል የቆየ ራይ አጣ። ውስኪ ደግሞ ዛሬ ተነጥሮ ነገ የሚሸጥ ዕቃ አይደለም። ችግኝ ተክሎ ፍሬውን የሚጠብቅ ገበሬ እንደሚያውቀው፣ አዲስ የተቋቋመ ድርጅት የራሱን መጠጥ እስኪያደርስ ድረስ ዓመታትን ያለ ገቢ መቀመጥ ይኖርበታል። ስለዚህ ብዙዎቹ አዳዲስ ነጋዴዎች ሌላው አንጥሮ ያቆየውን በበርሜል ገዝተው፣ የራሳቸውን ስም ለጥፈው መሸጥ ጀመሩ።

ከእነዚህ ጠርሙሶች ብዙዎቹ የሚወስዱት ወደ አንድ ቦታ ነው፤ ይኸውም በኢንዲያና ግዛት በኦሃዮ ወንዝ ዳር ወደምትገኘው የላውረንስበርግ ከተማ ነው። በዚያ የሚገኘው ትልቅ ፋብሪካ ለረጅም ዘመን የሲግራም ኩባንያ ንብረት ነበር። ከ2011 ጀምሮ ደግሞ የኤም.ጂ.ፒ. ኩባንያ ኾኗል። የታወቀበት ድፍድፍ 95 በመቶ ራይና 5 በመቶ የገብስ ብቅል ያለበት ነው። በኬንታኪ ስም የሚታወቀው ቡሌት በ2011 ለገበያ ያቀረበው ራይ የተነጠረው በዚሁ ፋብሪካ ሲኾን፣ በቴኔሲ ስም የሚታወቀው ጆርጅ ዲክልም ራዩን ያገኘው ከዚያው ነው። ግራ መጋባቱን የሚያብሰው፣ በኬንታኪ ግዛትም ላውረንስበርግ የምትባል ሌላ ከተማ መኖሯ ነው፤ እርሷም ፎር ሮዝስና ዋይልድ ተርኪ የተባሉት ስመ ጥር ፋብሪካዎች መገኛ ናት። ስለዚህ የከተማዋን ስም ብቻ አንብቦ የግዛቷን ስም የዘለለ ሰው በቀላሉ ይሳሳታል።

ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ያደረሰው ቴምፕልተን የተባለው ራይ ነው። ቴምፕልተን በአዮዋ ግዛት የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት፤ በክልከላው ዘመን በድብቅ በሚወጣ ራይ ትታወቅ ነበር። በስሟ የተቋቋመው ድርጅት መጠጡን ያስተዋወቀው በዚያ ዘመን የአሠራር ዘዴ የተዘጋጀ፣ በጥቂት በጥቂቱ የሚመረት አድርጎ ነበር። በጠርሙሱ ውስጥ የነበረው ግን በላውረንስበርግ ኢንዲያና የተነጠረ ውስኪ ነው። ከዚህም በላይ ጣዕሙን ወደ ጥንቱ ለማቅረብ ማጣፈጫ እንደሚጨመርበት ድርጅቱ ራሱ አምኗል። በ2014 ገዢዎች ክስ መሠረቱ። በ2015 በተደረሰው ስምምነት ድርጅቱ ለገዢዎች ከዋጋው የተወሰነውን ለመመለስ፣ የዘመነ ክልከላውን የአሠራር ዘዴና በጥቂቱ መመረቱን የሚናገሩትን ቃላት ከጠርሙሱ ለማንሣት፣ በኢንዲያና መነጠሩንም ለመጻፍ ተስማማ። በ2018 ድርጅቱ በቴምፕልተን የራሱን ማንጠሪያ ከፈተ። በቨርሞንት እርሻው የሚታወቀው ዊስልፒግም እንዲሁ በ2010 ሲጀምር የሸጠው ዐሥር ዓመት የቆየ ራይ የመጣው ከካናዳዋ የአልበርታ ግዛት ነበር። በእርሻው ላይ ማንጠር የጀመረው በ2015 ነው።

ደንቡስ ምን ይላል? ውስኪው የተነጠረበት ግዛት በጠርሙሱ ላይ ካለው አድራሻ የተለየ ከኾነ የተነጠረበት ግዛት እንዲጻፍ ያዝዛል። ኾኖም ይህን ትእዛዝ ለዓመታት ቸል ያሉ ጥቂት አልነበሩም። የተቀረው የቃላት ጉዳይ ነው። «ያሸገው» የሚለው ቃል መጠጡን በጠርሙስ የሞላውን ብቻ ይናገራል። «ያመረተው» የሚለው ደግሞ አንጣሪውን የሚያመለክት ይምሰል እንጂ፣ ከሌላ ገዝቶ የቀላቀለ ወይም ያዘጋጀ ድርጅትም ሊጠቀምበት ይችላል። ሊታመን የሚገባው «ያነጠረው» የሚለው ነው። እርሱም ቢኾን ቀዳዳ አለው፤ አንድ ፋብሪካ በብዙ የንግድ ስሞች መመዝገብ ስለሚችል፣ በጠርሙሱ ላይ የሰፈረው ስም ከፋብሪካው በር ላይ ካለው ሊለይ ይችላል። ከዚህም ሌላ ሻጩ የፋብሪካውን ማንነት እንዳይገልጽ በውል የሚታሰርበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ ባለሱቁን መጠየቅም አይጠቅምም።

መጠጥን በበርሜል ገዝቶ መሸጥ በራሱ ነውር አይደለም፤ የኢንዲያናው ራይም በጥራቱ የሚታማ አይደለም። ችግሩ የሚጀምረው ሻጩ ያልሠራውን ሠራሁ፣ ያልበቀለበትን ቦታ መነሻዬ ነው ሲል ነው። ገዢው የሚከፍለው ለመጠጡ ብቻ አይደለም፤ ለቦታው ስምና ለታሪኩም ጭምር ነውና። ራሱ ፋብሪካ አቁሞ፣ ራዩን ከአካባቢው ገበሬ ገዝቶ ዓመታት የጠበቀው አንጣሪ ደግሞ ከዚህ ሻጭ ጋር በእኩል ዋጋ ይወዳደራል። የቦታ ስም ገንዘብ መኾኑን እኛም በቡናችን አይተነዋል፤ ኢትዮጵያ ይርጋ ጨፌን፣ ሐረርንና ሲዳሞን በዚያው በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ ስትነሣ በ2007 ከስታርባክስ ጋር እስክትስማማ ድረስ ብዙ ተከራክራለች።

በካናዳ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። በዚያ ራይ ማለት በልማድ የሀገሩ ውስኪ ማለት ስለኾነ፣ ስሙን ለመያዝ የተወሰነ የራይ መጠን አይጠየቅም። አብዛኛው እህሉ በቆሎ ሊኾንም ይችላል።

ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ የሚሰጠው በ1897 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት «በመንግሥት ቁጥጥር ሥር የታሸገ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ውስኪ በአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ወቅት የተነጠረ፣ ቢያንስ አራት ዓመት የቆየና የአልኮል መጠኑ 50 በመቶ የኾነ መኾን አለበት። የተነጠረበት ፋብሪካም በጠርሙሱ ላይ መታወቅ ይኖርበታል፤ ፋብሪካው የሚለየው በመዝገብ ቁጥሩ ነው። ሪተንሃውስ የተባለው ራይ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ስሙ የፔንሲልቬኒያ ሲኾን ባለቤቱ ሄቨን ሂል የኬንታኪ ኩባንያ ነው። የሄቨን ሂል ማንጠሪያ በ1996 በእሳት ከወደመ በኋላ ራዩን ለዓመታት ያነጠረለት ብራውን ፎርማን የተባለው ሌላ ኩባንያ ነበር። በዚያን ጊዜ የተነጠሩት ጠርሙሶች ፊታቸው ምንም ሳይለወጥ፣ በደቃቅ ፊደል 354 የሚለውን የብራውን ፎርማንን ቁጥር ይዘዋል። ሥራው ወደ ሄቨን ሂል ከተመለሰ ወዲህ የተነጠሩት ደግሞ ቁጥራቸው 1 ነው።