በዱባይ፣ በሻርጃና በአጅማን ተላላፊ በሽታን የማሳወቅና በለይቶ ማቆያ የመቆየት ግዴታ

በሻርጃ ወይም በአጅማን አድሮ በየማለዳው ወደ ዱባይ ለሥራ የሚሻገር ሰው በአንድ ቀን ሁለት የጤና አስተዳደሮችን ያካልላል። በዱባይ ኃላፊው የዱባይ ጤና ባለሥልጣን ሲሆን፣ በሻርጃና በአጅማን የሚገኙትን የመንግሥት ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች የሚያስተዳድረው የኤምሬቶች የጤና አገልግሎት ድርጅት ነው። ተላላፊ በሽታን በሚመለከት ግን መሠረቱ አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ፌዴራል ሕግ ቁጥር 14 የ1981ዱን ሕግ ተክቶ በሰባቱም ኤምሬቶች ይሠራል፤ ዜጋና የውጭ አገር ሰው ሳይል ሁሉንም ይገዛል።

ሕጉ በሽታን የማሳወቅን ግዴታ በቅድሚያ የሚጥለው በሐኪሞች፣ በፋርማሲ ባለሙያዎችና በሌሎች የጤና ሠራተኞች ላይ ነው። ከእነርሱ ቀጥሎ ግን ከታማሚው ጋር ንክኪ ያላቸውን ለአካለ መጠን የደረሱ ሰዎች፣ በሥራ ቦታ ወይም በትምህርት ቤት የታማሚው የቅርብ አለቃ የሆነውን፣ እንዲሁም የመርከብ፣ የአውሮፕላንና የሕዝብ ማመላለሻ ኃላፊን ይጠቅሳል። ብዙ ሰው አንድ ክፍል ተጋርቶ በሚያድርበት የቤድ ስፔስ ኑሮ ይህ ድንጋጌ ቀላል አይደለም። አብሮ አደርን ለመንግሥት መናገር በብዙዎች ዘንድ እንደ ማሳበቅ ይቆጠራልና። ሆኖም አንድ የሳንባ ነቀርሳ ታማሚ በጠባብ ክፍል ውስጥ ሲያስል የሚያድረው ሌሎቹ በሚተነፍሱት አየር ላይ ነው። በቤት ሠራተኛ ረገድ ደግሞ አሠሪዋ ራሱ የማሳወቅ ግዴታ ካለባቸው መካከል ይገኛል፤ ሕመሟን ሸሽጎ ቤት ውስጥ ሊያቆያት አይገባም።

ታማሚው በበኩሉ ለሕክምና ራሱን እንዲያቀርብና የታዘዘለትን የጥንቃቄ እርምጃ እንዲፈጽም፣ ያለ ጤና ባለሥልጣኑ ፈቃድም እንዳይጓዝ ይገደዳል። ይህን መተላለፍ እስራትና ከ10,000 እስከ 50,000 ድርሃም የሚደርስ መቀጮ፣ ወይም ከሁለቱ አንዱን ያስከትላል። መታመሙን እያወቀ ሆን ብሎ በሽታውን ወደ ሌላ ሰው ለማስተላለፍ የሚንቀሳቀስ ሰው ቅጣቱ እስከ አምስት ዓመት እስራትና ከ50,000 እስከ 100,000 ድርሃም ይደርሳል።

ዱባይ በ2025 ባወጣችው የሕዝብ ጤና ሕግ ቁጥር 5 ይህንኑ አጥብቃለች። ተላላፊ በሽታ የያዘው ወይም ይዞት ይሆናል ተብሎ የተጠረጠረ ሰው ከሌሎች ጋር ከመቀራረብ እንዲቆጠብ፣ ወደ ጤና ተቋም ካልሆነ በቀር ያለ ፈቃድ እንዳይንቀሳቀስ ታዟል። ወደ ዱባይ የሚገባ መንገደኛም ያለበትን ተላላፊ በሽታ በመግቢያ በር ላይ ማሳወቅ ይኖርበታል።

እነዚህ ድንጋጌዎች በተግባር ምን እንደሚመስሉ የዴራ ነዋሪዎች በ2020 አይተዋል። በመጋቢት ወር መጨረሻ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ማርች 31፣ አል ራስ የተባለው ሰፈር ለሁለት ሳምንት ተዘጋ፤ አል ራስ፣ ፓልም ዴራና ባኒያስ አደባባይ የሚባሉት የሜትሮ ጣቢያዎችም አገልግሎት አቆሙ። ከአራት ቀን በኋላ የእንቅስቃሴ ገደቡ በመላው ዱባይ ቀንና ሌሊት ሆነ፤ የዓለም የንግድ ማዕከል አዳራሾችም 3,000 አልጋ ወዳለው ጊዜያዊ ሆስፒታል ተለወጡ። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ባወጣው የመቀጮ ዝርዝር መሠረት ከቤት ውስጥ ለይቶ ማቆያ የወጣ ወይም የታዘዘለትን የሆስፒታል ሕክምና እምቢ ያለ ሰው 50,000 ድርሃም ይከፍል ነበር። በወር 1,000 ድርሃም ለሚያገኝ ሠራተኛ ይህ ከአራት ዓመት ደመወዝ በላይ ነው። የወረርሽኙን ጊዜ ውሳኔዎች ያስተባበረው በ2007 የተቋቋመው ብሔራዊ የአደጋ፣ የቀውስና የድንገተኛ ሁኔታዎች አስተዳደር ባለሥልጣን ሲሆን፣ በኖቬምበር 2022 ገደቦቹን ያነሳውም እርሱ ነው። የ2014ቱ ሕግ ግን ከገደቦቹ ጋር አልተነሳም።

ሰዎች በሽታቸውን የሚደብቁት ብዙውን ጊዜ ደመወዝና ቪዛ እንዳይቀርባቸው ፈርተው ነው። የደመወዙን ስጋት ሕጉ በከፊል ይመልሰዋል። በግል ድርጅት የተቀጠረ ሠራተኛ የሙከራ ጊዜውን ከጨረሰ በዓመት እስከ 90 ቀን የሕመም ፈቃድ አለው፤ የመጀመሪያዎቹ 15 ቀናት በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 30 በግማሽ፣ ቀሪዎቹ 45 ያለ ክፍያ። መታመሙን ለአሠሪው በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ ከሐኪም ማስረጃ ጋር ማሳወቅ አለበት። የቤት ሠራተኞች በ2022ቱ ሕግ ቁጥር 9 መሠረት በዓመት 30 ቀን የተፈቀደላቸው ሲሆን፣ 15ቱ በሙሉ ደመወዝ፣ 15ቱ ያለ ክፍያ ናቸው። ሁለቱም የሚሠሩት የሐኪም ወረቀት ሲኖር ነው፤ ክፍሉ ተኝቶ የሰነበተ ሰው ይህን መብት ለማስረዳት ይቸገራል።

የቪዛው ስጋት ግን ሙሉ በሙሉ ከንቱ ነው ማለት አይቻልም። ለመኖሪያ ፈቃድ በሚደረገው ምርመራ ኤች አይ ቪ የተገኘበት የውጭ አገር ሰው ፈቃድ አያገኝም፤ ንቁ የሳንባ ነቀርሳ ያለበት አዲስ ገቢም እንዲሁ። በአገሩ ውስጥ ለሚኖሩት ግን በ2016 የወጣው የካቢኔ ውሳኔ ነገሩን ለውጦታል። ፈቃዱን ሲያድስ ነቀርሳ የተገኘበት ነዋሪ እንደ ቀድሞው ወዲያው እንዲወጣ አይደረግም፤ ሕክምናውን እየተከታተለ የሚቆይበት የአንድ ዓመት ቅድመ ሁኔታ ያለው የጤና ማረጋገጫ ይሰጠዋል። ነቀርሳ በተለመደው የስድስት ወር መድኃኒት የሚድን በሽታ በመሆኑ፣ በዚህ በኩል ሲደብቅ የቆየ ነዋሪ የሚያጣው ከሚያተርፈው ይበልጣል።

በለይቶ ማቆያ እንዲቆይ የታዘዘ ሠራተኛ የትእዛዙን ወረቀት ወይም የስልክ መልእክት፣ የሐኪሙንም ማስረጃ ሊያስቀምጥ ይገባል። አሠሪው የሕመም ፈቃዱን ክፍያ ከከለከለው በሰው ኃይልና ኤምሬታይዜሽን ሚኒስቴር የስልክ ቁጥር 600590000 ማመልከት ይችላል። አስቸኳይ ሕመም ሲያጋጥም አምቡላንስ የሚጠራው በ998 ነው፤ በዱባይ የጤና ባለሥልጣኑን በ800342 ማግኘት ይቻላል።