የንጉሡ አጋዘን፣ የድሃው አሳማ

በደቡብ እንግሊዝ ኦክ የሚባለው ዛፍ በመጸው ፍሬውን ሲያራግፍ አጋዘኑ ከየጥሻው ወጥቶ ከሥሩ ይለቅማል። (የእንግሊዙ አጋዘን ቀንዱን በየዓመቱ የሚጥል ሌላ ዘር ነው፤ የእኛው የድኩላ ዘመድ ነው።) አዳኝ ከዚያ የተሻለ ቦታ አይመኝም።

ችግሩ አዳኙ ንጉሡ ብቻ መሆኑ ነበር። ቀዳማዊ ዊሊያም በ1079 እ.ኤ.አ. ገደማ ኒው ፎረስት የተባለውን ደን ለራሱ ከለለው። አጋዘን የገደለ ሰው ዓይኑን እንዲያጣም አዘዘ። ልጁ ዊሊያም ሩፉስ በ1100 እዚያው ደን ሲያድን በፍላጻ ተመትቶ ሞተ። ስህተት ይሁን ግድያ፣ ክርክሩ ዛሬም አልተቋጨም።

እኛን የገረመን ግን የ1217ቱ የደን ቻርተር ነው። ማግና ካርታን ሸምድደን ተፈትነንበታል፤ ስለዚህ ታናሽ ወንድሙ ግን ማን ነገረን? ከእንግዲህ ለንጉሥ አጋዘን ሲባል ማንም ነፍሱን ወይም አካሉን አያጣም፣ በገንዘብ ይቀጣል፣ ከሌለው አንድ ዓመት ከአንድ ቀን ይታሰራል አለ። ነፃ ሰውም በደኑ ክልል ባለው በገዛ ጫካው አሳማውን የማሰማራት መብቱ ታወቀለት። «ነፃ ሰው» ነው የሚለው እንግዲህ፤ ጭሰኛው የለበትም።

በኒው ፎረስት ዛሬም በየመጸው ባለመብቶቹ አሳማቸውን ይለቃሉ። ለፈረስና ለከብት መርዝ የሆነውን የኦክ ፍሬ የሚያጸዳው አሳማው ነው።