ባሕረ ሐሳብና የኮምፒውተር አስታዋሽ፦ የመስቀል ቀን ምሳሌ

በብዙ የዩኒክስ ኮምፒውተሮች ላይ «ካል 9 1752» ብለን ብንጽፍ፣ የቀን መቁጠሪያው ከሴፕቴምበር 2 ወደ 14 ይዘልላል። እንግሊዝ በዚያ ዓመት የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ስትቀበል 11 ቀናት ዘልላለችና። መሣሪያው የዚያን ዓለም ታሪክ ተሸክሟል፤ የእኛን የምንጽፍበት እኛው ነን።

«ሪማይንድ» በተባለው አስታዋሽ መስቀልን በሴፕቴምበር 27 የመዘገበ ሰው በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን ይሳሳታል። 2015 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ ስለነበረ ጳጉሜን 6 ሆነች፤ የ2016 መስቀልም ሴፕቴምበር 28 ዋለ። መፍትሔውን ባሕረ ሐሳብ አስቀድሞ ሰጥቶናል፦ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሮ ለ4 ማካፈል። ቀሪ ከሌለ ዘመነ ዮሐንስ ነውና 28፣ አለዚያ 27። በስክሪፕት አንድ መስመር ይበቃዋል። ሆኖም በፈረንጆቹ 2100 ፌብሩዋሪ 29 ስለማይኖር፣ ከዚያ ወዲህ ሁለቱም ቁጥሮች በአንድ ይጨምራሉ።

ለመስቀል ወደ ወልቂጤና ቡታጅራ አካባቢ ለሚገባ የጉራጌ ተወላጅ አንድ ቀን ቀላል አይደለም፤ ቤተሰብ የሚጠብቀው በቀኑ ነው። ለአረፋ የሚገባው ወገናችን ግን ጨረቃ መታየቷን ይጠብቃል፤ እርሱን ማካፈል አይፈታውም። ስለዚህ ስክሪፕቱ ለአረፋ በእጅ የሚሞላ ክፍት ቦታ ይተው እላለሁ።