ጎሹን የወጋች እንስት አምላክ

በጋምቤላ፣ በአቦቦ ወረዳ፣ የአልዌሮ ወንዝ በግድብ ተከትሮ ከተኛበት ባሕር ዳር የቆመ ሰው የጎሽ አገር ላይ መቆሙን አይዘነጋምና፣ ሰብአ ሕንድ የአጋንንትን አለቃ ማሂሻሱራን በጎሽ አምሳል መሣላቸው ከደገኛው አንባቢ ይልቅ ለእርሱ ፈጥኖ ይገባዋል። የእነርሱ ጎሽ ግን እንደ እኛው የዱር አውሬ ሳይሆን ለማዳ ነው፤ ያርሳል፣ ይታለባል። የቤት ከብታቸውን የክፋት አምሳል ማድረጋቸው ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

የዚህ ጋኔን ታሪክ የተጻፈው «ዴቪ ማሃትምያ» በተባለው፣ በ6ኛው መቶ ዓመት ገደማ በሳንስክሪት ተደርሶ በማርካንዴያ ፑራና ውስጥ በተጠቃለለው ባለ 13 ምዕራፍ የውዳሴ ድርሳን ነው። አማልክቱ ድል ተነሥተው ከሰማይ በተባረሩ ጊዜ ከቁጣቸው የወጣው ብርሃን ተሰብስቦ ዱርጋ የተባለች እንስት ሆነ፤ ሺቫ ባለ ሦስት ጣት ጦሩን፣ ቪሽኑ መንኰራኵሩን፣ ኢንድራ መብረቁን ከየመሣሪያቸው ከፍለው አስታጠቋት፤ የሂማላያ ተራራም አንበሳ ሰጣት። ጋኔኑ አንድ ጊዜ አንበሳ፣ አንድ ጊዜ ሰው፣ አንድ ጊዜ ዝሆን፣ ዳግመኛም ጎሽ እየሆነ ቢለዋወጥባት፣ አንገቱን በእግሯ ረግጣ ወጋችው፤ ከጎሹ አፍ ግማሽ አካሉን አውጥቶ ሊያመልጥ ሲልም በሰይፍ ቀላችው።

ይህን ድርሳን በሥዕል ካስጌጡት መካከል በሂማላያ ግርጌ የነበሩትን ትንንሽ መንግሥታት ሰዓሊዎች የሚያህል አላየሁም። በ17ኛው መቶ ዓመት የባሶህሊ ሰዓሊዎች ለአምላክቲቱ ጌጥ ዕንቈ መረግድ ለማስመሰል የጥንዚዛ ክንፍ ቈርጠው በወረቀቱ ላይ ይለጥፉ ነበር፤ በ18ኛው መቶ ዓመት የተነሡት የጉሌር ሰዓሊዎች ደግሞ ቀለሙን አለዝበው፣ መስመሩን አቅጥነው፣ በደም መካከል ፊቷን ጸጥ ያለ አደረጉት። ብዙዎቹም አንበሳውን ትተው ነብር ያስጋልቧታል።

የእኛ የብራና ሥዕል ወግ ያሳደገው ዓይን ግን እዚህ ላይ ይሰናከላል። በእኛ ሰዓሊዎች ሕግ ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ኃጥእና ሰይጣን ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ብቻ። የጉሌር ሰዓሊ ዱርጋንም ጋኔኑንም በጎን ይሥላቸዋልና፣ የጎንደር ደብተራ ያን ገጽ ቢገልጥ አሸናፊዪቱን ከርኵሳን መናፍስት ወገን ቈጥሮ መጽሐፉን በከደነው ነበር። የመሣሪያውም ነገር እንዲሁ ይለያያል፤ ቅዱስ ጊዮርጊስና ቅዱስ መርቆሬዎስ በፈረስ ተቀምጠው ሲዋጉ፣ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ትቀመጣለች፣ ሰይፉን የሚመዝዙት ግራና ቀኝ የቆሙት ሚካኤልና ገብርኤል ናቸው፤ በሕንድ ግን ወንዶቹ አማልክት አስታጥቀው ገለል ይላሉ።

ሁለቱ ወጎች እንዲህ ቢራራቁም፣ የሕንድ ነጋዴ ጨርቅ በቀይ ባሕር ወደቦች አልፎ ወደ አገራችን ሲገባ ኖሯልና፣ በጥንት ዘመን ከተደጐሱት መጻሕፍቶቻችን አንዳንዶቹን የገለጠ ሰው በገበታቸው ውስጠኛ ገጽ ላይ በአበባ ያጌጠ የሕንድ ጨርቅ ተለጥፎ ያገኛል።